ቆመን ስብሰባ፣ ተቀምጠው ትዕዛዝ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ አሶሳ የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ባምባሲን ያውቃታል። አሶሳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አውቶቡሱ የሚያልፋት ከተማ ናት። ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ሁለታችን የባምባሲ ልጆች ነን። እንጀራችን ግን አዲስ አበባ ነው፤ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥረን ኮድ እንጽፋለን። (የድርጅቱን ስም አንጠራም። የዚህ ወር ደመወዝ ገና አልገባም።) ሰሞኑን ቡና በያዝን ቁጥር በአንድ ጉዳይ ስንከራከር ሰነበትንና ለእናንተም እናካፍላችሁ አልን፤ «አጃይል» ስለሚሉት የሥራ ዘዴ። ኮምፒውተር የማትወዱ አንባቢያን አትሽሹ። ነገሩ ከኮምፒውተር ይልቅ ስለ አለቃ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ነበር። አለቆቻችን ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ሰኞ ጠዋት ሲመለሱ «ከዛሬ ጀምሮ አጃይል ነን» ተባልን። ነጭ ሰሌዳ ተሰቀለ። ቢጫና ሮዝ ተለጣፊ ወረቀት በካርቶን መጣ። ሥራው በሁለት በሁለት ሳምንት ተቆራረጠና እያንዳንዱ ቁራጭ «ስፕሪንት» ተባለ። በየቀኑ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ክብ ሠርተን ቆመን ሦስት ጥያቄ እንመልሳለን። ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን አስቸገረህ?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሪፖርት ከማዳመጥ 15 ደቂቃ መቆም ይሻላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለሦስተኛው ጥያቄ የሁላችንም መልስ አንድ ሆነ፤ «ምንም»። አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ «ምንም»።

ለምን «ምንም» ሆነ? በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ አንዲት ባልደረባችን እውነተኛ መልስ ሰጥታ ነበር። «ይህን ሥርዓት የሚጠቀሙበትን ሰዎች አንድም ቀን አላየናቸውም፤ ያስቸገረኝ እሱ ነው» አለች። አለቃችን ሰዓታቸውን አዩና «ይሄ የዚህ ስብሰባ አጀንዳ አይደለም» አሉ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራች። ምን እንደተባለች አልነገረችንም። በማግስቱ «ምንም» አለች፤ እኛም ተከተልናት።

የምንሠራው የንብረት መመዝገቢያ ሥርዓት ነበር፤ ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች። ጨረታው የተፈረመው አጃይል ከመምጣቱ በፊት ነው። የፍላጎት ሰነዱ ወፍራም፣ የማስረከቢያው ቀን የተቆረጠ፣ ክፍያውም በሰነድ ደረጃ የተከፋፈለ። ሥራው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ለገና ዕረፍት ባምባሲ ገባን፤ ላፕቶፕም ይዘን ነበር። ከቤታችን አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመት በንብረት ክፍል የሠሩ ጎረቤት አሉን። ስማቸውን አንጽፍም፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ «እትዬ» ነው የምንላቸው። ቡና ላይ «እስቲ ይዩልን» አልናቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ «ሞዴል 20ው የታል?» አሉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የማታውቁ ካላችሁ አጭር ማብራሪያ። ዕቃ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ሠራተኛ ዕቃ ሲፈልግ ሞዴል 20 ሞልቶ ያስፈርማል። ዕቃው ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። የእኛ ሥርዓት ከ19 ዘሎ 22 ላይ ያርፋል። በመሐል ያለው ጥያቄና ፊርማ ወደ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ተቀይሮ ነበር፤ ቁልፏን የምትጫነውም ራሷ ባለመጋዘኗ ናት። ሰነዱን ያረቀቀው ሰው «ሂደት ማሳጠር» ብሎት ይሆናል።

«ታዲያ ሰኔ ላይ ቆጠራ መጥቶ ሁለት ጎማ ቢጎድል፣ ማን ጠየቀኝ ልበል? ማን ፈቀደልኝ ልበል? እኔው ጠይቄ፣ እኔው ፈቅጄ፣ እኔው አወጣሁ ልበል?» አሉ እትዬ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኛ ግን ቡናው አንቆን ነበር። የጎደለ ንብረት ለእኛ ዳታቤዝ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ለእሳቸው ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው፣ ከዚያም አልፎ ፍርድ ቤት ነው። አሥራ አንድ ሰው በሰባት ወር ያላየውን በሃያ ደቂቃ አዩት።

አዲስ አበባ ተመልሰን ተናገርን። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። «ሰነዱ ተፈርሟል።» «ያላለቀ ሥራ ለደንበኛ አይታይም።» ያኔ ነው የገባን። እኛ አጃይል የሆንነው ከ2፡30 እስከ 2፡45 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንደ ድሮው ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ይሄ ነው። በየካቲት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ ተሰብስበው የአጃይልን መግለጫ ሲጽፉ፣ ስለ ነጭ ሰሌዳም ሆነ ቆሞ ስለመሰብሰብ አንድ ቃል አላሰፈሩም። ያሰፈሩት ከውል ድርድር ይልቅ ከደንበኛ ጋር አብሮ መሥራት፣ ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠት ይበልጣል የሚል ነው። ከ12ቱ መርሆዎቻቸው አንዱ ባለጉዳዩና ሶፍትዌር ሠሪው በየቀኑ አብረው ይሥሩ ይላል። እኛ ወረቀቱን ወሰድን፤ ባለጉዳይዋን ባምባሲ ተውናት።

ለነገሩ ይህ ዓይነቱ አወሳሰድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ቢፒአርን ታስታውሳላችሁ? በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እኛ ከእናቶቻችን ኋላ የምንከተል ልጆች ነበርን። በየመሥሪያ ቤቱ የክፍሎች ግድግዳ ፈርሶ ሰፊ አዳራሽ ሆነ። «ኃላፊ» የነበረው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ሠራተኛው በገዛ ሥራው ላይ እንደገና ተወዳድሮ ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይፈልግ ነበር። ዘዴው የመጣው ከማይክል ሐመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ አሮጌውን አሠራር ወደ ማሽን አታዙሩ፣ ደምስሱት የሚል ነበር። ሐመር ከጄምስ ቻምፒ ጋር በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህን ከሚሞክሩ ድርጅቶች ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያሰቡትን ውጤት እንደማያገኙ በግምት ጽፏል። በ1996 ደግሞ ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ፣ መሐንዲስ በመሆኑ ለነገሩ ሰብዓዊ ገጽታ በቂ ቦታ እንዳልሰጠ አምኗል። ኑዛዜው እኛ አገር ሳይደርስ ግድግዳው ፈረሰ።

ቀጥሎ ካይዘን መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓንን ጠይቀው፣ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘንና አጃይል ዘመዳሞች ናቸው፤ የሁለቱም የዘር ሐረግ ቶዮታ ፋብሪካ ይደርሳል። የካይዘን ልቡ ማሽኑ ፊት የቆመው ሠራተኛ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ሥራውን ማስቆም መቻሉ ነው። እኛ በአካል ባየናቸው ቢሮዎች ግን የደረሰው መጥረጊያና መደርደሪያው ነው። «አምስቱ ማ» ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ መሳቢያው ጸድቶ፣ አፍ እንደተዘጋ።

እዚህ ላይ «በቃ፣ እኛ አገር ምንም አይሠራም» የሚል አንባቢ ይኖራል። አንስማማም። ማስረጃችን ደግሞ እዚያው ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በወረዳ ሒሳብ ክፍል የሠራ ዘመድ ያለው ሁሉ «አይቤክስ» የሚባል የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር ሰምቷል። አይቤክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በዘለቀ የፋይናንስ ማሻሻያ ውስጥ ነው። ማሻሻያው የገንዘብ ሚኒስቴር ነበር፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደግሞ በስቲቨን ፒተርሰን መሪነት በአማካሪነት ደግፎታል። ፒተርሰን ሥራውን በኋላ በመጽሐፍ ጽፎታል። የዚያ ማሻሻያ መንገድ የቢፒአር ተቃራኒ ነበር። የነበረውን አሠራር ደምስሶ በነጭ ወረቀት ላይ አልጀመረም። የነበረውን ተረዳ፣ ጥቂት አሻሻለ፣ ሰው አሠለጠነ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄደ። መጀመሪያ በጀቱ፣ ቀጥሎ ሒሳቡ። መጀመሪያ ፌዴራል፣ ከዚያ ክልል በክልል፣ ከዚያ ወረዳ። በአንድ ወገን የነበረው የሒሳብ መዝገብ በሁለት ወገን ተተካ። ሶፍትዌሩም ከአሠራሩ ኋላ እየተከተለ፣ እትም በእትም እየተቀየረ አደገ። ያኔ «አጃይል» የሚል ቃል የተናገረ ያለ አይመስለንም፤ ቢጫ ወረቀትም አልነበረም። ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ ሐምሌ 1 የሚጀምረው በጀታችን ተመዘገበበት።

ይሄን ያህል የቆየንበት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መንግሥት፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት የወረዳ ሠራተኛ፤ ሁለት የለውጥ መንገድ። ስለዚህ «ሕዝባችን ለለውጥ አልተዘጋጀም» የሚለውን ወሬ አንቀበልም። እትዬ ለለውጥ ተዘጋጅተው ነበር፤ መነጽራቸውን አድርገው ነበር።

ወደ አለቃችን እንመለስ። ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም አንዳችን ስንታመም ሆስፒታል ያደሩ ሰው ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት እንደ እኛ ኮድ ይጽፉ ነበር፤ አድገው የፕሮጀክት ማኔጀር የሆኑት ዕቅድ አውጥተው፣ ሥራ አከፋፍለው፣ ቀን ስለሚያስጠብቁ ነው። እንግዲህ አጃይል መጣና «ሥራውን ቡድኑ ራሱ ይከፋፈለው» አለ። ከአጃይል ዘዴዎች ሁሉ የታወቀው «ስክረም» የሚባለው መመሪያ ላይ «ፕሮጀክት ማኔጀር» የሚል ቦታ ጨርሶ የለም። ታዲያ እኚህ ሰው ነገ ምን ይሆናሉ? የቢሾፍቱ አሠልጣኝ አልነገራቸውም። ሥራ አስኪያጁም አልነገሯቸውም። የዓመቱ የሥራ ግምገማ ቅጻቸው ደግሞ እንደ ድሮው «የዕቅድ ክንውን በመቶኛ» ይላል። እትዬ ያገኙትን ስህተት ቢቀበሉ መቶኛው ይወርዳል፤ ባይቀበሉ 100 ይሞላል። እኛ በእሳቸው ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር ብለን ተጠያይቀናል። መልሳችን አላኮራንም።

ስለዚህ ዋናው ክርክራችን ይሄ ነው። አጃይልን ወደ አንድ ቤት ማስገባት ማለት ክፉ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው የምትቀበልበትን መንገድ መቀየር ማለት ነው። ይህን ደግሞ ለበታች ሠራተኛ በትዕዛዝ መስጠት አይቻልም። «ከዛሬ ጀምሮ በነፃነት ተናገሩ» የሚል ትዕዛዝ በራሱ ቀልድ ነው። መቀየር የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ከግምገማ ቅጹ፣ ከውሉ፣ ከዚያች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ባልደረባችን ቢሮ ስትጠራ «ትክክል ብለሻል፣ ሁለት ሰው ወደ ወረዳ እንላክ» ተብላ ቢሆን፣ ያለ ሰሌዳውም ያለ ሥልጠናውም አጃይል ሆነን ነበር።

የባህላችንም ነገር አለ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ተብለን ነው ያደግነው፤ ነውር መሆኑንም ሙሉ በሙሉ አንጠላውም። ግን ዘዴ አለው። በየስፕሪንቱ መጨረሻ «ሬትሮ» የሚባል የራስ ግምገማ አለ። አለቃችን ሲገኙ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ ሬትሮው የምስጋና ፕሮግራም ይመስላል። አንድ ቀን ለቅሶ ደርሰው ቀሩና በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራት ችግር ጻፍን! ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ያለ እሳቸው እንሰበሰባለን፣ ያልነውን ስም ሳንጽፍ በወረቀት እናቀርባለን። እሳቸውም ማንበብ ጀምረዋል። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ይቺ የእኔ ጥፋት ናት» ብለው አንዷን ወረቀት ኪሳቸው ከተቱ። በዚያ ሳምንት ጠዋት ላይ ሁለት ሰው «ምንም» ሳይል ቀረ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «አጃይል ማለት የእኛው ደቦና ወንፈል ነው» ይላሉ። ስንሰማ ፈገግ እንላለን፤ ሁሉን ነገር ቀድመን የሠራነው እኛ ነን ማለት ደስ ስለሚል። ነገር ግን አንድ እውነት አለበት። የአንዳችን ወላጆች በ1977 እና 78 የሰፈራ ዘመን ከወሎ ወደ ባምባሲ የመጡ ናቸው፤ ወንፈሉንም ይዘውት መጥተዋል። ወንፈል ላይ የእርሻው ባለቤት አብሮ ያርማል። የማሽላውን ቡቃያ ነቅለህ አረሙን ብትተው ረፋድ ሳይሞላ ያይሃል፣ ይጮህብሃል። ሰባት ወር ቆይቶ በማስረከቢያው ዕለት አይደለም የሚያየው።

መንግሥትም ሆነ ጨረታ አውጪ የሚፈራው ነገር መኖሩን እናውቃለን። «ፍላጎቱ ሁልጊዜ ይቀየራል ካላችሁ ሥራው መቼ ያልቃል? ገንዘቡስ የት ይቆማል?» ይላሉ። ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ አጃይልን ለስንፍና ሽፋን የሚያደርግ ድርጅት ሞልቷል። ግን ገንዘቡና ቀኑ ሳይነኩ፣ በውስጡ የሚሠራው ነገር ቅደም ተከተሉ ሊቀየር ይችላል። ክፍያውን በሰነድ ገጽ ማሰር ቀርቶ ተጠቃሚው ፊት በሚሠራ ነገር ማሰር ይቻላል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንኳ የምርመራ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለመቀየር ያወጣው 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እ.ኤ.አ. በ2005 ባክኖ ቀርቷል። ቀጣዩ «ሴንቲኔል» የተባለው ፕሮጀክትም ሲንገዳገድ በ2010 ሥራውን ከተቋራጩ ወስዶ በራሱ ቤት፣ በእጅጉ አነስ ባለ ቡድን፣ በአጭር በአጭር ዙር ሠራው፤ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። እዚያ የተቀየረው የጠዋት ስብሰባ ብቻ አልነበረም። ሥራውን የያዘው እጅና ውሉ ጭምር ተቀይሯል።

የባምባሲ ርቀት ሌላው ሰበብ ነው። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱም በምዕራብ ወለጋ በኩል በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያት የአገሩ ልጅ ይረሳል ብለን አንገምትም። ነገር ግን ቴሌግራም አለ። ከገና ወዲህ የምንሠራውን ገጽ በቪዲዮ ቀርፀን ለእትዬ ልጅ እንልካለን፤ እትዬ በድምፅ ይመልሳሉ። ትንሿ መልእክታቸው አራት ደቂቃ ናት፤ ግማሹ ሰላምታ ነው። ከቀረው ግማሽ የምናገኘው ግን ከወፍራሙ ሰነድ አላገኘነውም። አንድ ሠራተኛ የገዛ ሥልኩን ይዞ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ድርጅት ለምን አይችልም? ለስልጠናው ሆቴል ከከፈሉት ላይ የሁለት ሰው የአውቶቡስ ቲኬት አይጠፋም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ከሠፈራችን ልጆች የተመዘገቡ አሉ። እነሱስ ቢሆኑ ከወረዳው ሠራተኛ ጎን ተቀምጠው የሚያዩትን ቢጽፉልን ምን ይለናል?

ሥርዓቱ በተባለው ቀን ተረክቧል። ክንውን 100 በመቶ። ያቺ ባልደረባችን ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ሄዳለች፤ የስንብት ኬኩን የገዙት አለቃችን ናቸው። ሞዴል 20ን እኛ ሁለታችን ማታ ማታ ሠርተን ጨርሰናል፤ ወደ ዋናው ሥርዓት ለመግባት ግን ፊርማ ይፈልጋል፣ ፊርማው ደግሞ የውል ማሻሻያ ይፈልጋል። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብተናል። አለቃችን «አያለሁ» ብለዋል። ድሮ «ሰነዱ ተፈርሟል» ነበር የሚሉት።

ለፋሲካ ባምባሲ ሄደን አዲሱን ገጽ ለእትዬ አሳየናቸው። ፊርማው በቦታው ነው፤ ጠያቂው ሌላ፣ ፈቃጁ ሌላ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ የወረቀት ጥራዜን ግን አልጥልም» አሉ። ለምን አልናቸው። «መብራት ሲጠፋስ?» አሉ።

ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈን ሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል። የፊታችን ማክሰኞ 2፡30 ላይ «ምን አስቸገራችሁ?» ስንባል የምናነሳው እሱን ነው።